ርካሽ ከፊል አውቶማቲክ .22፦ ሩገር፣ ዊንቸስተር፣ ሳቬጅ፣ ሮሲ ወይስ አሮጌ ማርሊን?

አሜሪካ ውስጥ ለዒላማ ተኩስ ወይም ለጥንቸል አደን የመጀመሪያ ጠመንጃውን ለሚገዛ ሰው ሁሉም የሚሰጠው ምክር «በ.22 ጀምር» የሚል ነው፣ በርሜሉ 0.22 ኢንች ገደማ በሆነው ትንሽ ጠመንጃ ማለት ነው። ምክሩ ልክ ነው። ጥይቱ ርካሽ ነው፣ ትከሻ አይመታም፣ ጀማሪንም አያስበረግግም። ክላሽና ምንሽር እያየ ላደገ ሰው ግን መጫወቻ ሊመስለው ይችላል። መጫወቻ አይደለም። ይህች ትንሽ ጥይት ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ልትሄድ ትችላለች፣ ሰውም ትገድላለች።

ጥያቄው ከከፊል አውቶማቲኮቹ፣ ማለትም ምላጩ በተሳበ ቁጥር አንድ ተኩሰው የሚቀጥለውን ጥይት ራሳቸው ከሚጎርሱት፣ የትኛውን የሚለው ነው። ከ150 እስከ 350 ዶላር ባለው መደብ ውስጥ ብዙ ምርጫ አለ፣ ሻጩ ደግሞ መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው የሚያሞግሰው። እኔ ሩገር ነው ያለኝ። ሌሎቹን ያላቸው ጓደኞች አሉኝ፣ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ላይ እየተቀያየርን እንተኩሳለን፣ የሚያማርሩትንም የሚያመሰግኑትንም እሰማለሁ። እዚህ የምጽፈው እሱንና በአጠቃላይ የእነዚህ ጠመንጃዎች ባለቤቶች ደጋግመው የሚሉትን ነው።

ከጠመንጃው በፊት ግን ስለ ጥይቱ ላውራ። ምክንያቱም «የገዛሁት ጠመንጃ ይነክሳል»፣ ማለትም ጥይት መሃል ላይ ይዞ ይቆማል፣ ብሎ ከሚያማርር ሰው ውስጥ ብዙው ችግሩ ጠመንጃው ላይ አይደለም።

የ.22 ጥይት እንደ ክላሽ ጥይት ቂጡ መሃል ላይ ካፕሱል የለውም። እሳት የሚያስነሳው ቅመም ያለው በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ውስጥ ነው፣ መርፌውም የሚመታው ጠርዙን ነው። ቅመሙ ዙሪያውን እኩል ካልደረሰና መርፌው ባዶው ቦታ ላይ ካረፈ ይከሽፋል። ርካሽ ጥይት ላይ ይህ ያጋጥማል። ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞራችሁ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና። ሌላው ነገር፣ በእነዚህ ጠመንጃዎች ላይ ቦልቱን (ጥይት የሚያጎርሰውን ተንቀሳቃሽ ብረት) ወደ ኋላ የሚገፋው ቀለሁ ራሱ ነው። ጥይቱ ደካማ ከሆነ ቦልቱ እስከ መጨረሻው አይሄድም፣ ቀለሁ ሳይወጣ ይቀራል፣ የሚቀጥለው ጥይትም መጥቶ ይነክሳል። ስለዚህ ድምፅ ለመቀነስ ተብሎ የሚሸጠውን ዝግ ያለ ጥይት ከፊል አውቶማቲክ ላይ ሞክራችሁ ባይሠራ አትገረሙ።

አብዛኛው ባለቤት እንደ መለኪያ የሚይዘው ሲሲአይ የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ሚኒማግ የተባለ ጥይት ነው። እርሳሱ 40 ግሬን ይመዝናል፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 1,235 ጫማ ነው። ከጅምላው ጥይት ይወደዳል፣ ግን አዲስ ጠመንጃ ስትገዙ ሁለት ሦስት ፓኬት ሚኒማግ አብራችሁ ግዙ። በሱም ከነከሰ ያኔ ጠመንጃውን ጠርጥሩ። በሱ ካልነከሰ ወደ ርካሹ ውረዱና የትኛውን እንደሚወድ ፈልጉ። እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚወደው ጥይት አለው፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች እንኳ ይለያያሉ።

እንግዲህ ወደ ጠመንጃዎቹ። ሩገር 10/22 ከ1964 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ነው፣ በሚሊዮኖችም ተሽጧል። ትልቁ ጥንካሬው ካዝናው ነው። አሥር ጥይት በክብ ደርድሮ ይይዛል፣ ከጠመንጃው ሆድ በታች አይወጣም፣ በጣም አልፎ አልፎ ነው የሚያስቸግረው። ሌሎች ርካሽ .22ዎች ላይ የመንከስ ግማሹ ምክንያት ካዝናው ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ጥንካሬው መለዋወጫው ነው። ሰደፍ፣ በርሜል፣ ምላጭ፣ የማትፈልጉት ነገር ሳይቀር ይገኛል። በርሜሉ የሚያያዘው በሁለት ብሎን ነው፣ ቤት ውስጥ መቀየር ይቻላል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ከፋብሪካ ሲመጣ ምላጩ ከባድ ነው፣ ለመሳብ ስድስት ፓውንድ ገደማ ጉልበት ይጠይቃል። ብዙ ሰው ትንሽ ቆይቶ ሩገር ራሱ የሚሸጠውን ቀለል ያለ ምላጭ ይገዛል። ይህንን ወጪ ከመጀመሪያው አስቡት፣ አለዚያ 300 ዶላር ያላችሁት 380 ይሆናል። የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ቦልቱ ክፍት ሆኖ አይቆምም። ባዶ መሆኑን የምታውቁት ምላጩን ስትስቡ «ጠቅ» ሲል ነው። ለጀማሪ ይህ ጥሩ አይደለም፣ ያለቀ ይመስለዋል፣ ውስጥ አንድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሁልጊዜ ካዝናውን አውጥታችሁ፣ ቦልቱን ስባችሁ፣ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በጣታችሁም ዳስሳችሁ አረጋግጡ። ቦልቱን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ትንሽ ማንሻም አዲስ ሰውን ያናድዳል፣ በተለይ የቆየው ሞዴል ላይ። ደግሞ በተለመደው ሞዴል ላይ የጀርባው ክፍል ድፍን ስለሆነ በርሜሉን ከኋላ በኩል በዘንግ መወልወል አትችሉም። መወልወያ ገመድ በቀለሁ መውጫ በኩል አስገብታችሁ በአፈሙዙ በኩል መሳብ ነው የሚሻለው።

ዊንቸስተር ዋይልድካት የመጣው በ2019 ነው፣ የሚሠራው ቱርክ ውስጥ ነው። የሩገርን ጉድለት ቁጭ ብሎ አጥንቶ የሠራው ሰው ያለ ይመስለኛል። የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ቦልቱ ክፍት ሆኖ ይቆማል። ለማጽዳት ከኋላ ያለውን ቀይ ቁልፍ ስትጫኑ ምላጩና ቦልቱ አንድ ላይ ከሥር ይወጣሉ፣ መፍቻ አያስፈልግም። በርሜሉንም ከኋላ መወልወል ይቻላል። ክብደቱ አራት ፓውንድ ብቻ ነው፣ ሩገር አምስት ይጠጋል። ከሁሉም የሚገርመው የሩገርን ካዝና ይቀበላል፣ ስለዚህ ካዝና አጣለሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከሩገር ዝቅ ይላል።

ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው እሱን አይገዛም? አንደኛ፣ ሰውነቱ ፕላስቲክ ነው። ያዝ ስታደርጉት ይቀላችኋል፣ እንጨትና ብረት ለለመደ ሰው ደስ አይልም። ሁለተኛ፣ መለዋወጫው ከሩገር ጋር አይወዳደርም። እንደመጣ ልትጠቀሙበት ከሆነ ዋይልድካት ይሻላል ባይ ነኝ። ዓመት በዓመት እየቀያየራችሁ፣ እየጨመራችሁ ልታሳድጉት ከሆነ ሩገር። እኔ ሁለተኛው ዓይነት ሰው ስለሆንኩ ነው ሩገር የያዝኩት፣ ማጽዳት ለሚሰለቸው ጓደኛዬ ግን ዋይልድካትን ነው የመከርኩት።

አሁን ወደ 200 ዶላርና ከዚያ በታች እንውረድ። እዚህ ሳቬጅ 64 እና ሮሲ አርኤስ22 ናቸው የሚገናኙት። ሞስበርግ 702 ፕሊንክስተርም አለ፣ ግን እንደ ሮሲው ብራዚል ውስጥ ተሠርቶ የመጣና ባሕርዩም የሚቀራረብ ስለሆነ ስለ ሮሲ የምለውን ለሱም ውሰዱት።

ሳቬጅ 64 ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ ነው የሚሠራው። ለዋጋው የሚያስገርም ዒላማ ይመታል። ባለቤቶቹ ደጋግመው የሚያመሰግኑት ይህንን ነው፣ እኔም በጓደኛዬ ሳቬጅ 50 ያርድ ላይ ስተኩስ ከራሴ ጠመንጃ ብዙም ልዩነት አላየሁም። ለግራኝ ተኳሽ የተሠራ ዓይነትም አለው፣ በዚህ ዋጋ ይህ ብርቅ ነው። የሚያማርሩት ካዝናውን ነው። የብረቱ ካዝና ከንፈር ትንሽ ከታጠፈ ጥይቱ አቅጣጫውን ይስትና ይነክሳል። አንዱ ካዝና በደንብ ሲሠራ ሌላው ያስቸግራል። መፍትሔው ሁለት ሦስት ካዝና ይዞ ምልክት አድርጎ መለየት ነው፣ የሚያስቸግረውን ወዲያ ማለት። ፈቶ መገጣጠሙም ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ስፕሪንጉ ሊያመልጥ ይችላል፣ መነጽር አድርጉ።

ሮሲው ቀላልና ርካሽ ነው። አራት ፓውንድ ገደማ፣ አሥር ጥይት፣ 18 ኢንች በርሜል፣ ቀይና አረንጓዴ የሚያበራ ማነጣጠሪያ። ስኮፕ (አቅርቦ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ሳትገዙ ከሳጥኑ አውጥታችሁ መተኮስ ትችላላችሁ፣ ይህ ገንዘብ ያተርፋል። ምላጩ ሸካራ ነው፣ ማነጣጠሪያው ፕላስቲክ ስለሆነ ስትወረውሩት አይወድም። ባለቤቶቹ በጥሩ ጥይት ከጠበቅነው በላይ ሠራልን ነው የሚሉት። የአደን ጠመንጃ ሳይሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሳ መምቻ ለሚፈልግ ሰው በቂ ነው። ሳቬጁ በስኮፕ ይበልጠዋል፣ ሮሲው ያለ ስኮፕ። በዚህ ነው የምለያቸው።

በእጃችሁ 200 ዶላር ብቻ ካለ ተበድራችሁ ሩገር አትግዙ። ሮሲውን ግዙና የቀረውን ለጥይት አድርጉት። ሰው መተኮስ የሚማረው በጠመንጃው ዋጋ ሳይሆን በተኮሰው ጥይት ብዛት ነው።

ማርሊን ሞዴል 60 የተለየ ታሪክ አለው። በ1960 ወጣ፣ ከ11 ሚሊዮን በላይ ተሠራ። ካዝና የለውም፣ ጥይቱ ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ነው የሚገባው፣ የኋለኞቹ 14 ይይዛሉ። ሬሚንግተን ኩባንያውን ገዛው፣ ሬሚንግተን በ2020 ሲከስር ደግሞ ሩገር ማርሊንን ወሰደ፣ የሞዴል 60 ምርትም በዚያው ቆመ። ስለዚህ ዛሬ ሞዴል 60 ስትሉ አሮጌ ማለታችሁ ነው። ዒላማው ግሩም ነው። ብዙ ባለቤት ከ2008 በፊት የተሠራውን ይመርጣል፣ «ግሌንፊልድ» የሚል ስም ያለበትንም አትለፉት፣ ራሱ ማርሊን የሠራው ነው።

ስትገዙ ከሆዱ ክፍል ከኋላ ያለችውን የፕላስቲክ መከላከያ እዩ። ቦልቱ ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። በዕድሜ ትደርቃለች፣ ትሰባበራለች። ከተሰበረች ቦልቱ ብረቱን እየደበደበ ይጎዳዋል። መለዋወጫዋ ጥቂት ዶላር ነው፣ ዋጋ ለማስቀነስም ጥሩ ምክንያት ነው። የብሎኖቹ ጭንቅላት ከተበላ ደግሞ ሰው ቤቱ ሲፈታታው ኖሯል ማለት ነው።

ቱቦው ግን ለእኔ እንከን ነው። ጥይት ስታስገቡ እጃችሁ ከአፈሙዙ አጠገብ ነው። ሬንጅ ላይ «ባዶ አድርጉ» ሲባል ካዝና ያለው ሰው በሁለት ሴኮንድ ይጨርሳል፣ እናንተ ቱቦውን ስባችሁ፣ ጥይቱን አፍስሳችሁ፣ ቦልቱን ደጋግማችሁ ትስባላችሁ፣ ቱቦው ውስጥ ተጣብቃ የምትቀር ጥይትም አትጠፋም። ለጥንቁቅ ሰው ጥሩ ጠመንጃ ነው፣ ለችኩል አልመክረውም።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፣ እኛን ከሌላ አገር የመጣነውን የሚነካ ነገር አለና። ከፈቃድ ካለው ሱቅ ጠመንጃ ለመግዛት በፌደራል ሕግ 18 ዓመት መሙላት፣ ቅጽ 4473 የተባለውን የገዢ ቅጽ መሙላትና የወንጀል መዝገብ ማጣሪያውን ማለፍ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በአብዛኛው አይችልም፣ ያሉት ልዩ ሁኔታዎች ጥቂት ናቸው። ስቴቶች ደግሞ ይለያያሉ። ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ ልብ በሉ፦ ዋሽንግተን ስቴት ከፊል አውቶማቲክ .22ንም ከጥብቁ መደብ ነው የሚቆጥረው፣ 21 ዓመት፣ የሥልጠና ማስረጃና አሥር የሥራ ቀን መጠበቅ ይጠይቃል። ካሊፎርኒያ፣ ዋሽንግተን፣ ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ ከአሥር በላይ የሚይዝ ካዝና አይሸጥም፣ ሜሪላንድም እንደዚያው። ለሩገር የሚሸጠውን ባለ 25 ካዝና ከሌላ ስቴት ከማስመጣታችሁ በፊት ይህንን እዩ።

አንድ ወዳጅ «ወረቀቴ አልሞላም፣ በስምህ ግዛልኝ» ቢል፣ ምንም ያህል ብትዋደዱ፣ እምቢ በሉት። ቅጹ ላይ እውነተኛው ገዢ እናንተ መሆናችሁን በፊርማችሁ ነው የምታረጋግጡት። መዋሸት የፌደራል ወንጀል ነው፣ እስር አለው፣ ለግሪን ካርድ ባለቤት ደግሞ መዘዙ ከእስሩም ያልፋል። አገር ቤት ለመላክ ማሰብም እንዲሁ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ አይቻልም። ቤታችሁ እንግዳና ልጅ የሚበዛበት ከሆነ፣ የኛ ቤት ደግሞ እንደዚያ ነው፣ የቁም ሳጥን ጥግ ወይም ከአልጋ ሥር ማስቀመጫ አይደለም። የሚቆለፍ የብረት ሳጥን ግዙ፣ ጥይቱን ለብቻው ቆልፉ፣ የሳጥኑን ዋጋ ከጠመንጃው ዋጋ ጋር ደምራችሁ አስቡ።

«ለአሥር ዓመት ልጄ ከእነዚህ የትኛው ይሻላል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ወላጅም አለ። ለሱ አንዱንም አልመክርም። ከፊል አውቶማቲክ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ይተኩሳል፣ የደነገጠ ልጅ ደግሞ ጣቱን ቶሎ አያነሳም። እንደ ሳቬጅ ራስካል ያለ፣ አንድ ጥይት ብቻ ጎርሶ በእጅ የሚከፈት ትንሽ ጠመንጃ ይጀምር። ዋጋውም ከሩገሩ ያንሳል። በየተኩሱ መሃል ቆም ብላችሁ ታርሙታላችሁ፣ እጁ ሲረጋ ወደ ሩገሩ ወይም ወደ ዋይልድካቱ ይሻገራል።