ትወና ከመጽሐፍ፦ ጅማ ላለ ጀማሪ የቱ ይሻላል?

ጅማ ውስጥ ትወና የሚወድ ወጣት ሞልቷል። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ የሚያደምቅ አለ፤ ክበብ ውስጥ የሚሰባሰብ አለ፤ በስልኩ አጭር ድራማ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ የሚለቅም አለ። ብዙዎቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «የቱን መጽሐፍ ልግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ከማን ጋር ነው የምትለማመዱት?

የትወና መጽሐፍ ተነቦ የሚቀመጥ አይደለም። ትልቁ ነገሩ ልምምዱ ነው። አንዳንዱን በር ዘግታችሁ ብቻችሁን ትሠሩታላችሁ። አንዳንዱ የግድ ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። አንዳንዱ ደግሞ ክበብ ከሌላችሁ ጥቅሙ እምብዛም ነው። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸው በዝናቸው አይደለም። ከማን ጋር እንደሚሠሩ፣ እንግሊዝኛቸው ምን ያህል እንደሚከብድና ገንዘቡ ያዋጣ እንደሆነ ነው የማየው። ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሁሉም የሚጀምረው ከሩሲያዊው የትወና መምህር ከስታኒስላቭስኪ ነው። ሰውየው በ1898 የሞስኮ አርት ቲያትርን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። «አን አክተር ፕሪፔርስ» የተባለው መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1936 ነው። የአንድ ተማሪ ማስታወሻ ሆኖ ስለተጻፈ ታሪክ ይመስላል። ተማሪው ኮስትያ፣ መምህሩ ቶርትሶቭ ይባላሉ፤ ሁለቱም የፈጠራ ሰዎች ናቸው።

መጽሐፉን ለመቅመስ አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ማሪያ የምትባል ተማሪ አለች። መምህሩ አንድ ሁኔታ ይፈጥርላታል። የምትከፍለው ገንዘብ የላትም፣ ከትምህርት ቤቱ ልትባረር ነው። ጓደኛዋ ግን ውድ ጌጥ መጋረጃው እጥፋት ላይ በስፒል ሰክታላታለች። ፈልጊው ትባላለች። ልጅቷ መድረኩ ላይ ትሮጣለች፣ ጭንቅላቷን ትይዛለች፣ መጋረጃውን ታራግፋለች። ጨርሳ ስትመለስ ደስታ በደስታ ናት። ከዚያ መምህሩ ይጠይቃታል፦ ጌጡስ? ለካ ረስታዋለች! አሁን ካላገኘሽው እውነትም ትባረሪያለሽ ሲላት ተመልሳ እጥፋት በእጥፋት መፈተሽ ትጀምራለች። አትጮኽም፣ ደረቷን አትደቃም፤ ትፈልጋለች። የሚያየው ሰው ግን የሚጨነቀው ያኔ ነው። እኛ አገር ሐዘን ሲባል ወዲያው ነጠላ አዘቅዝቆ መጮኽ የሚቀናው ተዋናይ ስንት ነው? ለዚህች ትዕይንት ብቻ እንኳ መጽሐፉ ይገዛል።

ችግሩ ቋንቋው ነው። የኤልዛቤት ሃፕጉድ ትርጉም ያረጀ እንግሊዝኛ ነው፣ ከዋናውም ተቆራርጧል። ሁለተኛው ክፍል፣ ስለ ድምፅና ስለ አካል የሚናገረው፣ «ቢልዲንግ ኤ ካራክተር» ተብሎ የወጣው በ1949 ነው። 13 ዓመት ሙሉ የእንግሊዝኛው አንባቢ ግማሹን ብቻ ይዞ ቆየ ማለት ነው። ስታኒስላቭስኪ ስለ ስሜት ብቻ ነው የሚያስተምረው የሚለው ወሬ የተስፋፋው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። በ2008 ዣን ቤነዴቲ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «አን አክተርስ ወርክ» ብሎ አዲስ ትርጉም አወጣ። ቋንቋው በጣም ይቀላል። ግን ወደ 700 ገጽ ነው፣ ዋጋውም እንደ ውፍረቱ። ክበብ ካላችሁ ተዋጥታችሁ ግዙት። ለብቻ ከሆነ የድሮውን አሮጌ ቅጂ ፈልጉ፤ ይበቃል።

ብቻቸውን ለሚለማመዱ ግን የእኔ ምርጫ ኡታ ሄገን ናት። ኒው ዮርክ ባለው የትወና ትምህርት ቤት፣ ኤችቢ ስቱዲዮ፣ ለረጅም ዘመን ያስተማረች ተዋናይት ናት። ልምምዶቿ ከቤት ዕቃ ጋር የሚሠሩ ናቸው። ከራሳችሁ ሕይወት ሁለት ደቂቃ ውሰዱና ማንም እንደማያያችሁ አድርጋችሁ ድገሙት ትላለች። ጅማ ላይ ከቡና የተሻለ ምን አለ? ጀበናውን ጣዱ። ክዳኑ የት እንደገባ ፈልጉ። ሲኒ ስታጥቡ የጎረቤት ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ዘወር ትላላችሁ፣ ውሃው ይፈስሳል። አሁን ይህንኑ በተመልካች ፊት ሥሩት። በየቀኑ የምትሠሩት ነገር እንዴት እንደሚጠፋባችሁ ያኔ ታያላችሁ። እጃችሁ ራሱ ምን ላድርግ ይላል። የሄገን ሥራ ይህንን እጅ መመለስ ነው። ማን ነኝ? የት ነኝ? ስንት ሰዓት ነው? ምን እፈልጋለሁ? ምን ከለከለኝ? እያለች በጥያቄ ታፋጥጣችኋለች።

ሁለት መጽሐፍ አላት። «ሪስፔክት ፎር አክቲንግ» በ1973፣ «ኤ ቻሌንጅ ፎር ዚ አክተር» በ1991 ወጡ። ብዙ ሰው የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው፣ በቀላሉ የሚገኘውም እሱ ነው። የሚገርመው ሄገን ራሷ ኋላ ላይ በመጀመሪያው መጽሐፏ አልረካችም፤ አንዳንድ ነገሮችን በሁለተኛው አርማ ጻፈች። ሁለቱም ፊታችሁ ከቀረቡ ሁለተኛውን ውሰዱ። የመጀመሪያው ብቻ ከተገኘ ግን አትለፉት። አጠር ያለ ነው፣ እንግሊዝኛውም ቀጥተኛ ነው።

የሚለማመድ ጓደኛ ያለው ሰው ወደ አሜሪካዊው የትወና መምህር ወደ ማይስነር ይሂድ። «ሳንፎርድ ማይስነር ኦን አክቲንግ» በ1987 የወጣ ነው። አንድ ክፍል ተማሪዎች ከእሱ ጋር እንዴት እንደተማሩ ነው የሚተርከው። ዋናው ልምምድ መደጋገም ነው። «ጸጉርሽን ተሠርተሻል» ይላል አንዱ። «ጸጉሬን ተሠርቻለሁ» ትላለች። «ጸጉርሽን ተሠርተሻል።» «ጸጉሬን ተሠርቻለሁ።» መጀመሪያ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው ይናደዳል፣ ቃሉ ሳይለወጥ ድምፁ ይለወጣል። ራስን መስማት ይቀርና ሰውን መስማት ይመጣል። በአማርኛም በኦሮምኛም ያለ ችግር ይሠራል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ይህን መጽሐፍ አትግዙ። ከመስታወት ጋር አይደጋገምም።

ጊዜም ገንዘብም የሌለው፣ በሚቀጥለው ወር መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው? «ኤ ፕራክቲካል ሃንድቡክ ፎር ዚ አክተር» አለችለት። በ1986 የወጣች፣ ስድስት ወጣት ተዋንያን የጻፏት፣ ከ100 ገጽ በታች የሆነች መጽሐፍ ናት። ስልቱን የተማሩት ከጸሐፌ ተውኔቱ ከዴቪድ ማሜትና ከተዋናዩ ከዊልያም ማሲ ነው። ሥራዋ ቁርጥ ያለ ነው። ገጸ ባሕርይው እዚህ ትዕይንት ላይ በግልጽ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከዚያ ሥር ያለው ዋና ድርጊት ምንድን ነው? ያ ነገር በእኔ ሕይወት ምን ይመስላል? ቃለ ተውኔት በቃሉ ሸምድዶ ሜዳ ላይ ለሚቀር ተዋናይ ጥሩ መድኃኒት ናት። ደረቅ ናት፣ አልክድም። ምናብ ለሚወድ ሰው ታንቃለች። እንዲያ ያለው ሰው ትወናን በምናብ የሚያስተምረውን ሚካኤል ቼኾቭን ቢያነብ ይሻለዋል፤ እሱ ግን ለጀማሪ ይከብዳል፣ ቆይቶ ይደረስበታል።

ለክበብ ደግሞ ሌላ ነው። ቫዮላ ስፖሊን በ1963 ያወጣችው «ኢምፕሮቫይዜሽን ፎር ዘ ቲያትር» ከ200 በላይ ጨዋታና ልምምድ አለው። የብራዚሉ አውጉስቶ ቦአል «ጌምስ ፎር አክተርስ ኤንድ ነን አክተርስ»ም በጨዋታ የተሞላ ነው። ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። ስፖሊን ጥሩ ተጫዋች ልታደርጋችሁ ትፈልጋለች። ቦአል ተመልካቹን ራሱን መድረክ ላይ ሊያወጣው ይፈልጋል። ድራማው ተጫውቶ ያልቃል፣ ከዚያ እንደገና ይጀመራል፣ ተመልካቹ «ቆይ! እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ ይገባል። ስለ ጤና፣ ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ ድራማ ለሚሠራ ክበብ ቦአል ይመረጣል። መጨረሻ ላይ ሽማግሌ ወጥቶ ከሚመክር ሺህ ጊዜ ይሻላል። ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ከሆነ ስፖሊን።

የድምፅ መጽሐፍ ላይ አንድ ነገር ልበል። የሲሲሊ ቤሪ «ቮይስ ኤንድ ዚ አክተር» (1973) ስለ ትንፋሽና ስለ ሰውነት ማላላት የምትለው ለማንም ይሆናል። የምላስና የከንፈር ልምምዱ ግን የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ እዚያ የሉም። እነሱን የሚያሠራችሁ የራሳችን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ለድምፅ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት በነፃ ያለውን ጨርሱ። የለንደኑ ናሽናል ቲያትር ዩቲዩብ ላይ አጫጭር የድምፅ ማሟሟቂያ ቪዲዮዎች አሉት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር»ም እዚያው ይገኛል። ፊታውራሪ መሸሻን እንዴት እንደሚያስቆጣ፣ ጉዱ ካሣን እንዴት እንደሚያናግር ስሙት። አንድ ሰው ነው፣ አንድ ጉሮሮ። አንድ ገጽ መርጣችሁ ራሳችሁን ቅረጹና አወዳድሩ። ያማል፣ ግን ያስተምራል።

በአማርኛ ከገዛችሁ ደግሞ ተውኔት ግዙ። የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ወይም «ጠልፎ በኪሴ» ንግግሩ የሰው ንግግር ነው፤ ጊዜ መጠበቅን፣ ሳቅን ሳይለምኑ ማሳቅን ይለማመዱበታል። ጸጋዬ ገብረመድኅን ከሼክስፒር የተረጎማቸው «ሐምሌት» እና «ኦቴሎ» ትንፋሽ ይጠይቃሉ። ጀማሪ ከጸጋዬ ሲጀምር መጮኽ ይለምዳል፣ ከመንግሥቱ ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማሩትን የሚሞክሩበት ጽሑፍ ከሌለ ደግሞ መጽሐፉ ብቻውን ምን ያደርጋል?

ለካሜራ የሚሠሩ ከሆነ የእንግሊዛዊው የፊልም ተዋናይ የማይክል ኬን «አክቲንግ ኢን ፊልም» አጭርና አዝናኝ ነው። ካሜራው ፊታችሁን ቀርቦ ሲይዝ ዓይናችሁን አታርገብግቡ፣ የጓደኛችሁን አንድ ዓይን ብቻ እዩ የሚለውን ምክር በስልክም ቢሆን ሞክሩት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ማስተርክላስ የሚባለው የኦንላይን ትምህርት በትልልቅ ተዋንያን ስም ያጓጓል። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ኢንተርኔቱም ይበላል፣ ተዋናዩም ስህተታችሁን አያይላችሁም። ያንን ገንዘብ ለሁለት መጽሐፍ ብታውሉት እመርጣለሁ።

ቴሌግራም ላይ የሚዘዋወሩት ፒዲኤፎች አብዛኞቹ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ሌላም ችግር አለ። ልምምድ ላይ እጅ ሥራ አለው፤ ስልኩ ይጠፋል፣ መልእክት ይገባል፣ ሐሳብ ይበተናል። ወረቀት ይሻላል። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወዳጅ ካላችሁ ላይብረሪው ውስጥ ያስፈልግላችሁ። ከጠፋ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ጋ ይጠይቅላችሁ። ብር ከመላኩ በፊት ግን የሽፋኑን፣ የማውጫውንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ አስልኩ፤ ገጽ የጎደለው ብዙ ነው። ስታኒስላቭስኪ ከሆነ የተርጓሚውን ስም አይታችሁ ተከራከሩ። «ቢልዲንግ ኤ ካራክተር»ን የመጀመሪያው ነው ብሎ የሚሸጥ አይጠፋም።