ቸኮሌት የሚሸተው ኦርኪድ በሐዋሳ፦ ተክሉ ጥሩ፣ አሻሻጡ ጉድለት ያለበት

«ሻሪ ቤቢ» የሚባለው ኦንሲዲየም ኦርኪድ ለሐዋሳ ቤት ከልብ የሚመከር ነው። ሽታው እውነተኛ ነው፣ የከተማዋ አየርም ይስማማዋል። የምንወቅሰው የሚሸጥበትን ሁኔታ ነው፦ ሥሩ በእርጥብ ሞስ (ውሃ በሚይዝ የደረቀ ሽበት መሰል ተክል) ታጭቆ፣ ውሃ መውጫ በሌለው የሚያብረቀርቅ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ «በሳምንት አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል» ከሚል ምክር ጋር ይሰጣችኋል። እንደዚያው የተተወ ተክል የመጀመሪያ አበባውን ጨርሶ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥሩ ይበሰብሳል። ገዢውም «ኦርኪድ እዚህ አገር አይሆንም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ይሆናል፤ እንዲያውም ከብዙ የቤት ውስጥ ተክሎች በተሻለ።

ዝርያው እ.ኤ.አ. በ1983 የተመዘገበ ዲቃላ ነው። አበቦቹ ትንንሽ ናቸው፣ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጠጉ ነው። ቀለማቸው ጥቁር ቀይና ቡናማ ሆኖ ከታች «ከንፈር» የሚባል ነጭ ሰፊ የአበባ ቅጠል አላቸው። በደንብ ያደገ ተክል ግን ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ በሚረዝም አንድ ዘንግ ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ አበቦች ያወጣል። ሽታው ቸኮሌትና ቫኒላ ነው። ጠዋት ሙቀቱ ከፍ ማለት ሲጀምር ይበረታል፣ ወደ ማታ ይደክማል። ስለዚህ አመሻሽ ላይ አሽትታችሁ ምንም ባታገኙ ተክሉን አትናቁት፤ ጠዋት ተመልሳችሁ አሽትቱ። በየሱቁ የሚታየው ትልልቅ አበባ ያለው ፋሌኖፕሲስ አብዛኛው ዲቃላ ሽታ የለውም ወይም በጣም ደካማ ነው። ሻጩ «ይሸታል» ካለ በአፍንጫችሁ ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። በአገራችን ደኖች ዛፍ ላይ የሚበቅለው ኤራንጊስ ብራኪካርፓም ነጭ አበባው ማታ ማታ ደስ የሚል ሽታ አለው። ነገር ግን ከጫካ ተነቅሎ የመጣ ኦርኪድ አትግዙ። ደኑን ያራቁታል፣ ተክሉም አብዛኛውን ጊዜ ቤት ውስጥ አይተርፍም።

ስትገዙ ከአበባው በፊት ሥሩን እዩ። ተክሉን ከነውስጠኛው ግልጽ ፕላስቲክ ዕቃ ከማሰሮው አንስታችሁ በፕላስቲኩ በኩል ተመልከቱ። ጤነኛ ሥር ቀጭን፣ ነጭና ጠጣር ነው፤ ሲያድግ ጫፉ አረንጓዴ ይሆናል። ቡናማ ሆኖ ሲነኩት የሚለሰልስ ወይም ባዶ ቆዳ ብቻ የቀረው ሥር የሞተ ነው። ተክሉን ከግርጌው ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አወዛውዙት። እንደ ልቅ ጥርስ ከተነቃነቀ የሚይዘው ሥር የለውም፣ ተዉት። ከግርጌ ያበጡት ውሃ የሚያከማቹ ኮረቶች ናቸው። የድሮዎቹ ትንሽ ቢጨማደዱ አያሳስብም፣ አዲሱ ከተጨማደደ ግን ተክሉ ተጠምቷል ወይም ሥሩ ሞቷል። ቅጠል ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ደረቅ ጥቁር ነጠብጣቦች በዚህ ዝርያ የተለመዱ ስለሆኑ አያስፈሩ። እርጥብ፣ የሚሰፋና የሚከረፋ ቡናማ ጠባሳ ግን ብስባሽ ነው። ከአበባው አንድ ሦስተኛው ያህል የፈካውን፣ ሌላው ገና እምቡጥ የሆነውን ምረጡ። ሁሉም የፈካበት ዘንግ ዕድሜውን ሱቅ ውስጥ ጨርሶላችሁ ነው የሚመጣው።

ቤት እንደገባ ከነውስጠኛው ፕላስቲክ ከማሰሮው አውጡት፣ ለሦስት ሳምንት ያህልም ከሌሎች ተክሎች ለዩት፤ ተባይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። የጠዋት ፀሐይ በሚያገኝ የምሥራቅ መስኮት አጠገብ አስቀምጡት። ብርሃኑ መጣጣሙን የሚነግራችሁ የቅጠሉ ቀለም ነው። እንደ ለጋ ሣር ፈካ ያለ አረንጓዴ ከሆነ ተመችቶታል። ከጠቆረ ብርሃን አንሶታል፣ አያብብም። ቀላ ወይም ቢጫ ካለ በዝቶበታል። ቀን ከ24 እስከ 29፣ ሌሊት ከ13 እስከ 16 ዲግሪ ይወዳል፤ ሐዋሳ አብዛኛውን ዓመት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች ብቻ ከተከፈተ መስኮት አርቁት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቡናና ፍራፍሬ ነው። የከሰል ጭስ ኤትሊን የተባለ ጋዝ አለው። እየበሰሉ ያሉ ሙዝ፣ ማንጎና አቮካዶም ይህንኑ ጋዝ ያወጣሉ። ኤትሊን እምቡጥን ያረግፋል፣ የፈካውን አበባ ያጠወልጋል። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ ካለ ከሰሉ ሳይቀጣጠል ተክሉን አውጡት፤ ዕጣን በሚጨስበት ቤት ሽታውስ ማን ይለየዋል። የፍራፍሬ ቅርጫት አጠገብም አይቀመጥ።

አሁን ወደ ውሃው። ኦርኪድ በውሃ ውስጥ ያለ ጨው ሥሩን ያቃጥለዋል፣ የቅጠሉን ጫፍም ያጠቁረዋል። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይበዛበታል። የሻይ ጀበናችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ያው ነገር ሥሩ ላይም ይጋገራል። መፍትሔው የዝናብ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ አጥቦ ይለፍ፣ ቀጥሎ የሚወርደውን በንጹሕ ጄሪካን ያዙና ክዳኑን ግጠሙ። ለአንድ ተክል 20 ሊትር ለረጅም ጊዜ ይበቃል። ብርጭቆ እየለኩ መስጠት ስህተት ነው። ጠዋት ውሃው በቀዳዳዎቹ እስኪወርድ ድረስ በደንብ አፍስሱ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ወደ ቦታው መልሱት። ከታች የተጠራቀመ ውሃ ላይ በፍጹም አይቁም። በደረቁ ወራት በየ3 ወይም 4 ቀኑ፣ በክረምት በየ5 እስከ 7 ቀኑ ይጠጣል። እርግጠኛው መለኪያ ግን የዕቃው ክብደት ነው፤ አንስታችሁ ሲቀል አጠጡ። በውሃ ፋንታ በረዶ አድርጉበት የሚለውን ምክር አትስሙ። አዲስ ቅጠል ተሸብሽቦና ተጣጥፎ ከወጣ እያደገ ሳለ ውሃ አንሶታል። ያ ቅጠል አይዘረጋም፣ ቀጣዩን ግን ማዳን ይቻላል።

ሞሱን መቀየር ግዴታ ነው። መሀሉ ላይ የተጠቀጠቀው ክፍል ላዩ ደርቆ እያለ እንኳ ለሳምንታት እርጥብ ይቆያል፤ መበስበሱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሥሩ ካልበሰበሰ አበባው እስኪረግፍ ጠብቁ። አዲሱ ቡቃያ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ሥር ሲያወጣ አዛውሩት። ሁለት እጅ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ የበረደ የፓይን ቅርፊት፣ አንድ እጅ የተሰባበረ ከሰል፣ አንድ እጅ ብሎኬት አምራቾች ጋ የሚገኘው ፑሚስ (ቀላል ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ቀላቅሉ። ሥሩ ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ አቧራው እስኪለቅ እጠቡት። ለዕቃ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ከወገቡ ቆርጣችሁ ታችና ጎኑን በጋለ ሚስማር ብሱት፤ ግልጽ ስለሆነ ሥሩን ታዩበታላችሁ። የሞተውን ሥር በእሳት በተለበለበ መቀስ ቁረጡ። የኮረቶቹ ግርጌ ከቅልቅሉ በላይ ይታይ፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። እንዳይነቃነቅ በእንጨት ደግፉት።

የእርሻ ዩሪያና ኤንፒኤስ አትስጡት፣ ሥሩን ያቃጥላሉ። በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 ማዳበሪያ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በእኩል የያዘ) ሩብ የሻይ ማንኪያ በ4 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ በየሁለት ሳምንቱ ስጡ፣ በወር አንዴ በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቡት። ጥጥ የሚመስል ነጭ ተባይ ካያችሁ ከፋርማሲ በሚገዛ 70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት፣ ከሳምንት በኋላም ድገሙት።

ዋጋው ከጽጌረዳ ችግኝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሻጮች በማሰሮው ፋንታ ቀዳዳ ያለው ዕቃና ደረቅ ቅልቅል ቢሰጡ ኖሮ ያለ ምንም ቅሬታ እናሞግሳቸው ነበር። እስከዚያው «ያለ ማሰሮው ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አበባው ሲያልቅ የደረቀውን ዘንግ ከግርጌው 2 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ይህ ዝርያ በተለምዶ ከአሮጌ ኮረት ዳግም አያብብም። የሚቀጥለው ዘንግ አዲሱ ቡቃያ አድጎ ኮረቱ ሲሞላ ከዚያው ጎን ብቅ ይላል።