ለመስቀል ስንሄድ የምናልፋቸው ድንጋዮች

የቡታጅራ መንገድ የልጅነቴ መንገድ ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ አንድ መኪና ውስጥ ይጠቀጠቃል። ስኳሩ፣ ቡናው፣ ለአያቴ የተገዛው ጋቢ እግራችን ሥር ነው። ጢያ ስንደርስ አባዬ በመስኮቱ ይጠቁምና «እዚያ ጋ የግራኝ ድንጋይ አለ» ይላል። ሁላችንም አንገታችንን እናዞራለን። መኪናው ግን አይቆምም። ለመስቀል አገሩ የሚገባ ሰው ይቸኩላል። ሲመለስ ደግሞ ጠግቦ ይተኛል። እንዲህ እያልን ሠላሳ ዓመት አለፍን።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ቆምን። አባዬንና የሰባት ዓመት ልጄን ቪትዟ ላይ ጭኜ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ከዓለም ገና ወጣሁ። ማታ ቡታጅራ ዘመድ ቤት እናድራለን፣ እሑድ እየጎበኘን እንመለሳለን ብለን ነው። በዚህ መንገድ ላይ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ላሊበላና አክሱም ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀሙ ይህን በር ላይ ያለውን ያላዩ ብዙ ወዳጆች አሉኝ።

ጢያ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአስፋልቱ ብዙም አይርቅም። አጥር፣ በር፣ ሣር፣ ከዚያ ድንጋዮቹ። ለኢትዮጵያዊ የከፈልነው መግቢያ ከአንድ ሰው ምሳ ያነሰ ነው። አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነበር። ረጋ ብሎ በጥሩ አማርኛ ያስረዳል። ልጄ ያቋረጠችውን ያህል ብታቋርጠውም አልሰለቸም። ለእሱ ብቻ አምስት ኮከብ እሰጣለሁ።

36 ትክል ድንጋዮች ናቸው። ከነሱ 32ቱ ላይ ቅርጽ አለ። ሰይፍ፣ ክብ ነገር፣ የተክል ቅጠል የሚመስል ምልክት። አንዳንዱ ድንጋይ ላይ አንድ ሰይፍ ነው ያለው፤ አንዳንዱ ላይ ብዙ ሰይፎች ወደ ታች ተደርድረዋል። አስጎብኚው ሰይፉ ጀግናው የገደላቸውን ጠላቶች ይቆጥራል ተብሎ እንደሚነገር ነገረን። ቅጠል የመሰለውን ሳየው እኔ ያሰብኩት ጓሯችን ያለውን እንሰት ነው። ዩኔስኮ ቦታውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። አክሱምም የተመዘገበው በዚያው ዓመት ነው። ይህን ስሰማ ቆም ብዬ አሰብኩ። አክሱምን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ጢያን ግን በአጠገቡ እያለፍን አንገት ነው የምናዞርለት።

«የግራኝ ድንጋይ» የሚለው ስም አባዬ ከአባቱ የሰማው ነው። አስጎብኚው በትሕትና አረመው። ድንጋዮቹ የቆሙት ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው፤ ግራኝ አህመድ የመጣው በ16ኛው ነው። ድንጋዮቹ እሱ ከመወለዱ በፊት እዚህ ነበሩ። አባዬ ዝም ብሎ ሰማ። «ታዲያ የማን ናቸው?» አለ። «የሞቱ ሰዎች ናቸው አባቴ፣ ከሥራቸው መቃብር አለ» አለው። ሲቆፈር የተገኙት አብዛኞቹ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው ወጣቶች ናቸው። የተቀበሩትም እንደ ፅንስ ተጣጥፈው ነው።

አባዬ ድንጋይ ጠራቢ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ዐርባ ዓመት ጠርቧል። ስንት አጥር፣ ስንት ደረጃ፣ ስንት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ በእጁ አልፏል። እዚህ ቦታ ልዩ የሆነብኝ በእሱ ምክንያት ነው። ወደ አንዱ ረጅም ድንጋይ ቀረበና እጁን ዘረጋ። አስጎብኚው «አይንኩት አባቴ» አለው። አባዬ እጁን አልሰበሰበም፣ ግን አልነካም። አውራ ጣቱን ከድንጋዩ በጣት ስፋት አርቆ የሰይፉን ጠርዝ ከላይ እስከ ታች ተከተለ። ቀስ ብሎ። ጫፉ ጋ ሲደርስ ቆመ። «እዚህ ጋ መሮው ትንሽ ቢያመልጠው ሰይፉ ይበላሽ ነበር» አለ። «ድንጋይ ማረሚያ የለውም። ይህ ሰው እጁ አልተንቀጠቀጠም።»

ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቱንቢ እንደያዘ ሰው የድንጋዩን ቁመና ለካ። ዘመም ያለውን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። ይህን ሁሉ ድንጋይ ከየት አምጥተው፣ በምን ጎትተው፣ በምን አቆሙት እያለ አስጎብኚውን ጥያቄ በጥያቄ አደረገው። ሁለቱ ሣር ላይ ተቀምጠው ስለ ድንጋይ ሲያወሩ እኔና ልጄ ብቻችንን ዞርን። ለአንድ ሰዓት ብለን ገብተን ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየን። ብዙ ጎብኚ ፎቶ አንስቶ በሃያ ደቂቃ ይወጣል አሉ። ያሳዝናል። እያንዳንዱ ድንጋይ ፊት ቆማችሁ ሰይፎቹን ቁጠሩ። ልጄ የቆጠረችውን ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ሳለች። ኮፍያ ያዙ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ምሳ ቡታጅራ በላን። ስሙን የማልጠራው ምግብ ቤት ነው። አባዬ ክትፎውን ለብለብ ብሎ አዘዘ፣ ሙሉ በሙሉ በስሎ መጣ። ስንመልሰው አስተናጋጇ ፊቷ ተቀየረ። በክትፎ አገር ይህ አይገባም ነበር። አይቡና ጎመኑ ግን ትኩስ ነበር፣ ቆጮውም ስስና ለስላሳ። ከምሳ በኋላ ለዓመት የሚሆን የማረቆ በርበሬ ገዝተን መኪናው እስከ አዲስ አበባ በበርበሬ ሽታ ታጠነ።

እሑድ ስንመለስ መጀመሪያ አዳዲ ማርያም ገባን። ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ኮረኮንች አለው፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት በትንሽ መኪና አትሞክሩት። ከአለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሕዝቡ በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደተሠራች ይተርካል። ከላይ ስታዩት መሬት ነው፤ ቀርባችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ቤተ መቅደስ። ዛሬም ይቀደስባታል፣ ስለዚህ ነጠላ ይዛችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ ነው የምትገቡት። እኛ የደረስነው ቅዳሴ ወጥቶ ነበርና ብዙ አልቆየንም። ሌላ ቀን ለብቻዋ እመለስባታለሁ።

መልካ ቁንጥሬ የመጨረሻችን ነበር። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር፣ አዋሽ ዳር። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ይህንንም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2024 መዝግቦታል፣ በአቅራቢያው ካለው ባልጭት ከሚባለው ቦታ ጋር። ትንንሽ ጎጆ የሚመስሉ ቤቶች ውስጥ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የእንስሳት አጥንት፣ ስለ ጥንት ሰው የተጻፈ ማብራሪያ አለ። ከዚያ ወረድ ብሎ ራሱ የተቆፈረበትን ቦታ ታያላችሁ። ድንጋዩና አጥንቱ በተገኙበት ተኝተዋል። ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ከማየት ይህ ይበልጥብኛል።

እዚህ ጎምቦሬ የሚባለው ቦታ ላይ 700,000 ዓመት የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል። የአዋቂ ብቻ አይደለም፣ ገና መራመድ የጀመሩ ሕፃናትም አሉበት። ልጄ ይህን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው «እናታቸው አብራ ነበረች?» ብላ ነው። አስጎብኚዋ ጎንበስ ብላ የትልልቅ ሰዎችም ዱካ አብሮ መገኘቱን ነገረቻት። ልጄ ረካች።

ለጉዞው ያለኝ ምክር አጭር ነው። ጥሬ ብር ያዙ። ውኃ ያዙ። በአንድ ቀን ሦስቱንም ማየት ይቻላል፣ ግን ጢያ ላይ ትቸኩላላችሁ። መኪና የሌለው ወደ ቡታጅራ ወይም ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ተሳፍሮ ጢያ መውረድ ይችላል። ልጆች ካሏችሁ መልካ ቁንጥሬን አትዝለሉ። ለጢያ ከአምስት አምስት፣ ለመልካ ቁንጥሬ አራት ተኩል እሰጣለሁ።

ልንወጣ ስንል አባዬ ከጥቁሮቹ ድንጋዮች አንዱ ጋ ቆሞ ነበር። እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ስል። «ይሄ ባልጩት ነው» አለ። አስጎብኚዋ የባልጭት ስም ከዚሁ እንደመጣ ነገረችው። አባዬ ግን ሌላ ነገር እያስታወሰ ነበር። ልጅ ሳለ በመንደራቸው ቆዳ የሚፈቀው በባልጩት ነበር። እንጨት እጀታ ውስጥ ይሰኩትና ይገፉታል። ልጄ አልገባትም። አባዬ ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ጋቢውን ጉልበቱ ላይ እንደ ቆዳ ዘረጋና ሁለት እጁን አጣምሮ ወደ ፊት ገፋ፣ መለሰ፣ ገፋ። ልጄም አጠገቡ ቁጢጥ አለች።