የቻተም ሃውስ የ1935 ቅጽ፦ ስለ እኛ ነው፣ እኛ ግን የለንበትም

በጣሊያን ወረራ ዋዜማ የመንግሥታቱ ማኅበር መቀመጫ በነበረችው ጄኔቭና በለንደን ውስጥ ምን ሲዶለት እንደነበር ማወቅ ከፈለጋችሁ ይህን መጽሐፍ አንብቡት። ስለ ኢትዮጵያ ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ፈልጉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ቻተም ሃውስ የተባለው የለንደን የውጭ ጉዳይ ቲንክ ታንክ (የጥናት ተቋም) በየዓመቱ የዓለምን ፖለቲካ የሚዘግብ ጥራዝ ያወጣ ነበር። የ1935ቱ ሁለተኛ ቅጽ ርዕሱ «አቢሲኒያና ጣሊያን» ነው። በ1936 ታተመ፤ ነገሩ ገና ሳይበርድ ማለት ነው። ጸሐፊው የታሪክ ምሁሩ አርኖልድ ቶይንቢ፣ ረዳቱ ደግሞ ቬሮኒካ ቦልተር ናት።

ቶይንቢ ቻተም ሃውስ የገባበት መንገድ ራሱ ይገርማል። ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የግሪክና የቢዛንታይን ታሪክ ፕሮፌሰር ሳለ፣ በ1921 የግሪክ ጦር አናቶሊያ ውስጥ በቱርኮች ላይ የፈጸመውን ግፍ ለጋዜጣ ዘገበ። ለፕሮፌሰርነት ወንበሩ ገንዘብ ያዋጡት ደግሞ በአብዛኛው ግሪኮች ነበሩ! በ1924 ለቀቀ። ዩኒቨርሲቲው ያልቻለውን ሰው ቲንክ ታንኩ ሠላሳ ዓመት ያህል ያዘው።

ይህ ድፍረቱ በመጽሐፉ ውስጥም አለ። ኦጋዴን ውስጥ ከተነሳው የወልወል ግጭት ተነስቶ፣ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ሚኒስትሮች ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ለጣሊያን ለመስጠት እስከተስማሙበት የሆርና ላቫል ስምምነት ድረስ ነገሩን ክር በክር ይፈታዋል። በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ተጣለ፣ ነዳጅ ግን ከማዕቀቡ ቀረ፣ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። በመንግሥታቱ ላይ ያለውን ንዴት አይደብቅም። ወድጄለታለሁ።

ያልወደድኩት ሌላ ነው። ምንጮቹ የመንግሥታቱ ማኅበር ሰነዶች፣ የፓርላማ ንግግሮችና የአውሮፓ ጋዜጦች ናቸው። የኛ ሰው ድምፅ የሚሰማው በአብዛኛው ለጄኔቭ በተላከ ቴሌግራም ብቻ ነው፤ ገበሬው፣ አርበኛው፣ ቦምብ የወረደበት መንደር ሩቅ ነው። ደግሞ ይኸው ስለ እኛ የተቆጨ ሰው በሌላ ትልቅ ሥራው ላይ የኢትዮጵያን ክርስትና ከጠፋ ሥልጣኔ የተረፈ «ቅሪተ አካል» ብሎ መድቦታል። እግዜር ይስጠው!

«ተቋሙ አቋም አይዝም፣ አስተያየቱ የጸሐፊው ነው» የሚለውን የቻተም ሃውስ ማሳሰቢያም በጥርጣሬ አንብቡት። ውስጡን ለቄስ ነው። መጽሐፉ በወጣበት በዚያው በ1936 ቶይንቢ በርሊን ሄዶ ሂትለርን አነጋገረ፤ ሂትለር ከእንግሊዝ ጋር ሰላም የሚፈልገው ከልቡ ነው ብሎ አምኖ ተመለሰና ማስታወሻ ጻፈ፣ ማስታወሻውም ለመንግሥት ባለሥልጣናት ደረሰ። በ1943 ደግሞ እሱ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ሆኖ አረፈው። እንዲህ ለባለሥልጣን የቀረበ ታሪክ ጸሐፊ ሰነድ ቶሎ ያገኛል፤ ፍርዱ ላይ ግን እኔ አልተማመንም።

ወፍራም ነው፣ አረፍተ ነገሮቹም ይረዝማሉ። ጊዜ ከሌላችሁ የማዕቀቡን ክፍል አስቀድሙ፣ ወልወል ይደርሳል።