ባሕር ዳር ለምትሄዱ፦ «ዛሬ አይሆንም» ያሉኝን ባለታንኳ ላመስግን

ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ልጅ ሠርግ ባሕር ዳር ነበርኩ። ሠርጉ አልቆ አንድ ቀን ተረፈኝ። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ አሳ እየበላን ሳለ አንዱ ዘመዴ ዓባይን ከምንጩ እስከ ሜዲትራንያን ባሕር ስለወረዱት ሁለት አሜሪካውያን ነገረን። በ1996 ዓ.ም. ነው፤ 114 ቀን ፈጅቶባቸዋል። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ አያስችለኝም። እጄን እንኳ በደንብ ሳልታጠብ «ታንኳ ራሴ ቀዝፌ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ድረስ እሄዳለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ዋና አልችልም። ታንኳ ላይ ተቀምጬም አላውቅም።

ሰዓቱ 10 ሆኗል። መጀመሪያ ያገኘሁት ልጅ ዋጋ ነገረኝና ወዲያው «ነይ ግቢ» አለኝ። ላይፍ ጃኬት የለውም። ስለ ጉማሬ ስጠይቀው «ምንም አይሉሽም» ብሎ አለፈው። አንድ እግሬን አንስቻለሁ። ይሄኔ ከጎን ታንኳቸውን ዛፍ ላይ አስደግፈው የሚያደርቁ ትልቅ ሰው «የኔ ልጅ፣ ዋና ትችያለሽ?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ አልችልም።»

«እንግዲያው ዛሬ አይሆንም። እስቲ እዩት» ብለው ሐይቁን በአገጫቸው አሳዩኝ። ጠዋት ጸጥ ብሎ ተኝቶ የነበረው ጣና ነፋስ ተነስቶበት ይናጣል። ስለ አሜሪካውያኑ ነገርኳቸው። ፈገግ አሉ። «እነሱ ስንት ጊዜ አስበውበት ነው የሄዱት። አንቺ ምሳ ስትበይ ነው ያሰብሽው። ከፈለግሽ ነገ 12 ሰዓት ነይ።»

ብሩን በእጄ ይዤ ነው ይህን ያሉኝ። ያን ከሰዓት እዚያው ስቆይ ሌላ ሰው ሲያሳፍሩም አላየሁም።

በማግስቱ ከጎህ ጋር ደረስኩ። ከሞተር ጀልባ ሠራተኞች ላይፍ ጃኬት ተውሰው ጠበቁኝ። አስለብሰውኝ ማሰሪያዎቹን ካጠበቁ በኋላ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ጎተቱት። ወደ ጆሮዬ ተሳበ። ፈትተው እንደገና አሰሩት። ሁለተኛው ላይም ተሳበ። ሦስተኛው ላይ ነው «አሁን ሆነ» ያሉት። ትንሿን ታንኳ ለኔ ሰጥተው በረጅም ገመድ ከራሳቸው ጋር አያያዟት።

ታንኳ ማለት የታሰረ ደንገል ነው። ውሃው በስር እየሰረገ ልብስ ያርሳል። ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ነው ከሥራ በኋላ አቁመው የሚያደርቁት። በትንሹ ዘንበል ስል ሁሉ ነገር አብሮ ዘንበል ይላል። እኔ ደግሞ በፍርሃት ግትር ብያለሁ። «ወገብሽን ልቀቂው፣ ከውሃው ጋር አትታገይ» ይሉኛል ከኋላ። ሩብ ሰዓት ያህል ክብ ብቻ ስሠራ ቆየሁ። ከዚያ በድንገት ሄደ! መቅዘፊያውን ቀርከሃ በግራ፣ በቀኝ፣ በግራ፣ በቀኝ። ፀሐይ ስትወጣ ውሃው ላይ የነበርነው እኛና ሁለት አሳ አጥማጆች ብቻ ነን። እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ እውነቴን ነው።

ወደ ደብረ ማርያም ደሴት አቅጣጫ እየሄድን ሳለ እጃቸውን አነሱ። ቀርከሃዬን አቆምኩ። ከፊታችን፣ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ጆሮዎች ውሃው ላይ ተርገበገቡ። ከዚያ ጠፉ። «አንዱ ከታየ ሌላው ስር አለ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ጠዋት ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በሱና በጥልቁ መሀል መግባት ነው አደጋው። በየት በኩል እንደሚወጣ እስኪያዩ ዝም ብለን ጠበቅን። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ወጣ፤ ከበፊቱ ይልቅ ቀርቦናል። ገመዱን ቀስ አድርገው ሳቡኝና ዞርን። «የዛሬው እዚህ ይበቃል።»

ዓባይ መውጫ አልደረስኩም። ዳር ስንደርስ የተስማማንበትን ብር ሰጠኋቸው፤ ግማሹን መለሱልኝ። «ያልደረስንበትን መንገድ አላስከፍልም።» ለምኜ ነው የተቀበሉኝ፣ እሱንም «ለልጆቹ ደብተር» ብዬ።

ስማቸውና ስልካቸው በይፋ እንዲጻፍ አልፈለጉም። ለምትሄዱ ሰዎች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከሳቸው ጋር አገናኛችኋለሁ። እሳቸውን ባታገኙም ዋና መቻላችሁን ሳይጠይቅና ላይፍ ጃኬቱን ሳይጎትት ከሚያሳፍራችሁ ጋር አትግቡ። ጠዋት ሂዱ፤ ቅያሬ ልብስም ያዙ፤ መርጠባችሁ አይቀርም።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበችልዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መዳፌ ላይ ቀርከሃው ያወጣው ውሃ ቋጠሮ ገና አልጠፋም። በጥምቀት ሰሞን እመለሳለሁ፤ ዋና መማር ጀምሬያለሁ።