መርጡለ ማርያም ላይ እናቴን ላስጎበኘልኝ ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ? ምሥራቅ ጎጃም ካለችው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ከመርጡለ ማርያም፣ ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። ይህን ሳልጽፍ መቆየቴ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ያ አስጎብኚ ልጅ ያደረገልን ነገር በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

እናቴ ዐይኗን ካጣች 6 ዓመት ሆናት። ግላኮማ ነው ያሉን። የተወለደችው ቢቸና አካባቢ ነው። ልጅ ሳለች አባቷ ትከሻው ላይ አድርጎ ለጥር ማርያም ንግሥ መርጡለ ማርያም ወስዷት ነበር። "ሳልሞት አንድ ጊዜ ልሳለማት" ትለኛለች። እኔ ደግሞ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ። ፈርቼ ነበር።

የፈራሁት በምክንያት ነው። ከ2 ዓመት በፊት ሌላ ታሪካዊ ቦታ ይዣት ሄጄ ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ሙሉ ክፍያውን አስቀድሜ ከፍያለሁ። አስጎብኚው እጇን ከእኔ ተቀብሎ ጎተታት። ደረጃው ላይ አደናቀፋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ እሷ እየሰማች፣ "እሳቸው መኪና ውስጥ ቢቆዩ አይሻልም? ምን ሊያዩ ነው?" አለኝ። እናቴ አልተቆጣችም። "እናንተ ሂዱ፣ እኔ ትንሽ ልረፍ" ብላ ተቀመጠች። ያቺ "ትንሽ ልረፍ" እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ገብቼ ምን እንዳየሁ አላስታውስም። ስንወጣ ሰውዬው ስልኩን እየነካካ ጉርሻ ጠየቀኝ።

ዘንድሮ አንዲት ጓደኛዬ ይህን ልጅ ስትጠቁመኝ ያመነታሁት ለዚህ ነው። ደወልኩለት። "እናቴ አታይም" አልኩት፤ ቶሎ ብዬ፣ እንቢ ካለም እዚያው እንዲለኝ። ትንሽ ዝም አለና "መያዝ የሚወዱት በቀኝ ነው በግራ?" ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ዋጋ ያወራነው ከዚያ በኋላ ነው።

ስንደርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት። እጇን አልያዘም፤ የእሷን እጅ ክንዱ ላይ አስቀመጠና ግማሽ እርምጃ ቀደም ብሎ መሄድ ጀመረ። "አሁን ሦስት ደረጃ ወደ ላይ ነው እማማ። ጨረስን። አሁን ሣር ነው።" ጫማዋን ራሱ አወለቀላትና እስክንወጣ ድረስ በእጁ ይዞት ዞረ። ይህን የት ተማርከው ብዬ ጠየቅኩት። "ቅኔ ቤት የኔታ ዐይነ ስውር ነበሩ። ምርኩዛቸውን ይዤ ስመራ ነው ያደግኩት" አለኝ። ያኔ ልቤ አረፈ።

ታሪኩንም ያውቀዋል፣ በደንብ ያውቀዋል። ደስ ያለኝ ደግሞ ትውፊቱን ትውፊት፣ የተጻፈውን የተጻፈ ብሎ ለይቶ መናገሩ ነው። መርጡለ ማርያም ከአክሱም፣ ከጣና ቂርቆስና ከተድባበ ማርያም ጋር በዘመነ ኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ከነበሩት አራት ቦታዎች አንዷ ናት የሚለውን በትውፊት ነገረን። ቀጥሎ ወደ ንግሥት እሌኒ አለፈ። የሐድያ ንጉሥ ልጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት። ልብነ ድንግል በ1508 እ.ኤ.አ. በልጅነቱ ሲነግሥ አገር ያስተዳደረችው እሷ ናት። ጎጃም ውስጥ ሰፊ ርስት ነበራት፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ያሠራችው እሷ ናት። በግራኝ ዘመን ጠፋ። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መልሰው ገነቡት፤ ያም ፈርሶ ዛሬ የምናየው ግንብ ቀረ። ስለ ቅስቱና ስለ ድንጋይ አጠራረቡ ብዙ ነግሮናል፤ እኔ አልያዝኩትም። እናቴ ግን እየደጋገመች ስለ እሌኒ ትጠይቀው ነበር። "ልጅ ወልዳ ነበር ወይ?" አለችው። እንዳልወለደች ሲነግራት "እኮ፣ ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ያሠራችው" አለች። እሱም ሐሳቧን አልናቀባትም፤ ቆሞ አዳመጣት።

አሁን ይህን የምጽፍበት ነገር ጋ ደረስኩ። ግንቡ ላይ አበባና ሐረግ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ። እንደ ልብ አይነኩም። ልጁ "አንዴ ቆዩኝ" ብሎ ሄደና አንድ አረጋዊ ቄስ ይዞ መጣ። አስፈቅዶ ኖሯል። እናቴን ዝቅ ካለ ድንጋይ አጠገብ አቆማት። አመልካች ጣቷን ይዞ በቀስታ አበባው መሐል ላይ አሳረፈው። "ይህ መሐሉ ነው። አሁን ወደ ውጭ ይውጡ፤ ቅጠሉን ያገኙታል።" ጣቷ ሄደ። አንዱን ቅጠል ጨረሰች፣ ተመልሳ ሁለተኛውን ጀመረች። ልጁ እጁን ለቀቀና ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ማንም አላጣደፋትም። ድንጋዩ ላይ ያለውን አበባ ሁሉ ዳስሳ ስትጨርስ "አባቴ ትከሻ ላይ ሆኜ ይህን አልደረስኩበትም ነበር" አለች። ቄሱ በመስቀላቸው ባረኳት። እኔ ግን ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ዞርኩ።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜህን ያርዝመው። እናትህን ይባርክልህ። ጉርሻ ስሰጥህ "ለየኔታ ሻማ ይግዙበት" ብለህ የመለስክልኝን ብር ሻማ ገዝቼበታለሁ።

ወገኖቼ፣ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የምትሄዱ ከሆነ፣ በተለይ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ይዛችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ይህን ልጅ ፈልጉት። ስሙን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነኝ ነው የተውኩት። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፤ ለንግሥ ሰሞን ሰው ይበዛበታል። በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጉ፣ ሴቶች ነጠላ ያዙ። ስለምትወስዱት ሰው ሁኔታ ሳትደብቁ ንገሩት፤ ይዘጋጅበታል።

እናቴ ትናንት ማታ ቡና ላይ "ያ ልጅ ደብረ ወርቅ ማርያምንስ ያውቃት ይሆን?" አለችኝ። ደውዬ ጠየቅኩት። ያውቃታል። ከፋሲካ በኋላ እንሄዳለን።