የፈረንጆች ገና በሬዲዮና በመድረክ፦ ከደሴ ሆኖ ለሚያዳምጥ ሰው

የፈረንጆች ገና የሚውለው በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ጾመ ነቢያት ሊፈታ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። ስለዚህ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ተቀምጦ በዚያ ሰሞን በእንግሊዝኛ የሚተላለፉ የገና ዝግጅቶችን የሚከታተል ሰው የበዓል ገበያ ሳያጣድፈው፣ እንግዳ ሳይጠብቅ፣ ምሽቱን ሙሉ ለጆሮው ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምገመግማቸው በሬዲዮ የሚቀርቡትን የገና ዝግጅቶችና ትረካዎች፣ እንዲሁም በውጭ ከተሞች ያሉ የእንግሊዝኛ ቴአትር ቤቶች በዚያው ወቅት የሚያሳዩአቸውን ትርኢቶች ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ የአገሬ ሰው ሬዲዮው ከመድረኩ እንደሚበልጥ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ የማስቀምጠው ከኬምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ቤተ ጸሎት በየዓመቱ በበዓሉ ዋዜማ የሚተላለፈውን የዘጠኙን ምንባባትና የመዝሙራት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ በዚያ ስፍራ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በቆመ በሳምንታት ውስጥ ሲሆን፣ ያሰናዳውም በጦርነቱ የሠራዊት ቄስ ሆኖ ያገለገለው የቤተ ጸሎቱ አለቃ ኤሪክ ሚልነር ኋይት ነበር። ቢቢሲ ከ1928 ጀምሮ፣ ከ1930 በስተቀር፣ በየዓመቱ አስተላልፎታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት እንኳ የቤተ ጸሎቱ ጥንታዊ ባለቀለም መስታወቶች ከአደጋ ለመጠበቅ ወርደው፣ ስፍራውም በአየር ላይ በስሙ ሳይጠራ፣ ሥርጭቱ ቀጥሎ ነበር።

ዝግጅቱን የሚከፍተው የአንድ ልጅ ድምፅ ነው። ያለ ምንም የሙዚቃ መሣሪያ አጀብ የመጀመሪያውን መዝሙር የመጀመሪያ አንቀጽ ብቻውን ይዘምራል። ከመዘምራኑ ልጆች መካከል የትኛው እንደሚዘምር መሪው የሚያመለክተው ሥርዓቱ ሊጀመር ሲል በመሆኑ፣ ልጁ አስቀድሞ ለመጨነቅ ጊዜ የለውም። በጥሩ ድምፅ ማጉያ የሚያዳምጥ ሰው ከልጁ ድምፅ አስቀድሞ የሕንጻውን ዝምታ፣ የሰዎችን ሳልና የልብስ ኮሽታ ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምፅ ቀጭንና ንጹሕ ነው። በሥራ ባልደረባዬ ቤት ቡና እየተፈላ ይህን ስናዳምጥ፣ ሙስሊም የሆኑት እናቱ ረከቦቱን ትተው ቀና አሉና «የማን ልጅ ነው? አላህ ያሳድገው» አሉ። ልጃቸው «እማዬ፣ እንግሊዝ አገር ነው እኮ» ቢላቸው «እንግሊዝ ቢሆንስ እናት የለችውም?» ብለው መለሱለት፤ በረካው እስኪወርድም ድረስ ማንም አላወራም። አንድም የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቁ ሴት ሙሉ በሙሉ የተካፈሉትን ዝግጅት ከዚህ በላይ ማመስገን አልችልም።

ምንባባቱ ደግሞ ለእኛ ሰው ከሚገምተው በላይ የቀረቡ ናቸው። የመጀመሪያው ንባብ ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ሲሆን አዳም በገነት ዛፎች መካከል ሲሸሸግ ይጀምራል፤ በትንቢተ ኢሳይያስ በኩል አልፎም በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ይፈጸማል። ለአዳም «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ተብሎ የተሰጠውን ተስፋ ከአባቶች አንደበት እየሰማ ላደገ፣ ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ የተባሉትን ሳምንታት እየቆጠረ ለሚጾም ክርስቲያን፣ የልደት ታሪክ ከውድቀት ታሪክ መጀመሩ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው አድማጭ ምናልባት በረዶና ሻማ እያሰበ ይሰማው ይሆናል፤ እኔ ግን ነቢያቱን እየተከተልሁ እሰማዋለሁ፤ ለዚህ ደግሞ የጾሙ ወቅት በራሱ ያዘጋጃል።

ጉድለቱንም ልናገር። የኪንግስ ኮሌጅ ጣሪያ ከፍ ያለና የድንጋይ በመሆኑ ድምፅ ይዘገያል፤ መዘምራኑ ተደራርበው ሲዘምሩ ቃሉን ለይቶ መያዝ ለእኛ እጅግ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኮሌጁ የዓመቱን የሥርዓት መጽሐፍ በድረ ገጹ ላይ ስለሚያወጣ፣ ቀድሞ አውርዶ ግጥሙን በእጅ ይዞ መከታተል ይቻላል። ንባቦቹ ግን በቀስታና በግልጽ ስለሚነበቡ ያለ ጽሑፍም ይገባሉ። ይህን ዝግጅት ከላሊበላው ቤዛ ኩሉ ጋር የሚያወዳድሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ማወዳደሩ አይታየኝም። በቤተ ማርያም ዙሪያ በላይ የቆሙት በመላእክት፣ በታች ያሉት በእረኞች አምሳል ሲቀባበሉ፣ ያ ሥርዓት በዓይን የሚታይ፣ በእግር ተጉዘው የሚደርሱበት ነው። የኬምብሪጁን ያገኘነው በጆሮ ነው፤ ጆሮም ይበቃዋል።

ወደ ትረካዎቹ ልሻገር። በእንግሊዝኛው ዓለም የገና ትረካ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1843 የታተመው፣ ስክሩጅ ስለተባለ ገብጋባ ሽማግሌ የሚተርከው «አ ክሪስማስ ካሮል» የተባለው የቻርልስ ዲከንስ ሥራ ነው። ደራሲው በ1853 በበርሚንግሃም ከተማ ይህን ሥራውን ለሕዝብ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀምሮ ነበር፤ ከንባቦቹም አንዱ ሠራተኞች በአነስተኛ ዋጋ እንዲገቡ የተዘጋጀ ነበር። ከመጀመሪያውም ለመነበብ የተመቸ በመሆኑ ሬዲዮ ሲመጣ ወዲያው ቤቱን አገኘ፤ በአሜሪካ ተዋናዩ ላዮኔል ባሪሞር ከ1934 ጀምሮ ለዓመታት የስክሩጅን ድምፅ ይዞ በየገናው ይቀርብ ነበር።

ይህ ታሪክ በሬዲዮ የሚቀርበው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በብዙ ተዋንያንና በድምፅ ማጀቢያ የታጀበ ድራማ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ ሰው ብቻውን የሚያነብበው ትረካ ነው። ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ የሰማ ሰው፣ የአንድ ሰው ጉሮሮ ስንት ሰው ሊይዝ እንደሚችል ያውቃል፤ በድራማው ውስጥ ደግሞ ስድስትና ሰባት እንግሊዛውያን በየክፍለ ሀገሩ አነጋገር ሲቀባበሉ ማን ማን እንደሆነ ለመለየት ስንደክም ታሪኩ ያመልጠናል። አንዱ ተራኪ ግን ድምፁን አንዴ ከተላመድነው ይዞን ይሄዳል።

የስክሩጅ የንግድ ሸሪክ የነበረው የሟቹ ማርሌ መንፈስ የሚመጣበት ክፍል ጥሩ ምሳሌ ነው። ስክሩጅ ከምድጃው አጠገብ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ ከምድር ቤት የሰንሰለት ጉተታ ይሰማል፤ ድምፁ ደረጃውን እየወጣ፣ እየቀረበ፣ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ ይመጣል። ሰንሰለቱ የተሠራው ከገንዘብ ሣጥን፣ ከቁልፍ፣ ከጓጉንቸርና ከሒሳብ መዝገብ ነው፤ ሰውየው በሕይወቱ ዘመን የሰበሰበውን ሁሉ በሞቱ ይጎትተዋል። ጥሩ ተራኪ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻ ሲጠራ፣ አድማጩ ክብደቱን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይህንኑ ክፍል በመድረክ ላይ ባየሁበት ጊዜ ተዋናዩ ከቀላል ላስቲክ የተሠራ ሰንሰለት ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አረንጓዴ መብራት በርቶበት ገባ፤ ሰንሰለቱ ወለሉን ሲነካ ድምፅ አልነበረውም፤ ድምፅ የሌለው ሰንሰለት ደግሞ ማንንም አያስፈራም።

ከካናዳም አንድ ትረካ ሊታለፍ አይገባውም። የአገሪቱ የሕዝብ ሬዲዮ፣ በገና ዋዜማ በጭጋግ ውስጥ መንገዱ ስለጠፋበት አንድ ወጣት አብራሪ የሚናገረውን ታሪክ በአለን ሜትላንድ ድምፅ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በየዓመቱ ያሰማል፤ ተራኪው በ1999 ካረፈ በኋላም የተቀዳው ድምፁ ያንኑ ቦታ እንደያዘ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ የሚወስድ በመሆኑ ለጀማሪ አድማጭ እጅግ ተስማሚ ነው። የታኅሣሥ ጉም ከጦሳ ላይ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ለሚያውቅ የደሴ ሰው፣ መሬት የጠፋበት አብራሪ የሚሰማውን ፍርሃት ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቴአትሩን በተመለከተ፣ የማውቀው ለትምህርት ቪየና በነበርሁበት ጊዜ ነው። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተ፣ በዋናው አውሮፓ ካሉት የእንግሊዝኛ ቴአትር ቤቶች ቀዳሚ የሆነ ቤት አላት፤ ሐምቡርግ ከ1976፣ ፍራንክፈርት ከ1979 ጀምሮ የየራሳቸው አላቸው። የአገሬው ቋንቋ ጀርመንኛ ሆኖ ሳለ በእንግሊዝኛ የሚያሳይ ቤት ይህን ያህል ዘመን ተመልካች ማግኘቱ ያስደንቃል፤ ከተመልካቾቹም ብዙዎቹ እንደ እኔ እንግሊዝኛን በትምህርት ያገኙ ሰዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት ባለሙያ ተዋንያን ቃላቸውን ጠንቀቅ ብለው ያወጣሉ፤ ለሰሚው ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ከእነዚህ ቤቶች ሌላ በየከተማው በውጭ ዜጎች የተቋቋሙ አማተር ቡድኖች በገና ሰሞን እንግሊዞች ፓንቶማይም የሚሉትን ትርኢት ያሳያሉ። ስሙ ዝም ያለ ትርኢት ያስመስለዋል እንጂ ጩኸትና ዘፈን የበዛበት ነው፤ ሲንደሬላን ወይም አላዲንን የመሰለ የተለመደ ተረት ይዞ፣ አሮጊቷን ወንድ ይጫወታታል፣ ክፉው ሰው ሲገባ አዳራሹ ሁሉ ያፏጭበታል፣ ጀግናው ያላየው ነገር ከጀርባው ሲመጣ ልጆቹ «ከኋላህ ነው!» እያሉ ይጮኻሉ። አውጪና ተቀባይ ባለበት ዘፈንና መንዙማ ያደገ የወሎ ሰው እዚህ ላይ ወዲያው ቦታውን ያገኛል፤ አጠገቤ የተቀመጡት ኦስትሪያውያን አፍረው ዝም ሲሉ እኔ ከልጆቹ ጋር ስጮኽ ነበር። ነገር ግን የቀልዶቹ እኩሌታ በእንግሊዝ ፖለቲካና ቴሌቪዥን ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ያልፈናል፤ አማተሮቹም ሲጣደፉ ቃል ይውጣሉ። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ቅመም የገባበት ትኩስ ወይን ሲጠጡ እኔ ጾም ላይ ስለነበርሁ ሻይ ይዤ ቆምሁ፤ የአዳራሹ ሙቀትና የሰዉ መልካም አቀባበል ግን ለብቻው ለሚኖር ተማሪ ከትርኢቱ ያላነሰ ዋጋ ነበረው። ውጭ አገር ያለ ልጅ ወይም ዘመድ ያለው ሰው በገና ሰሞን እንዲህ ያለ ቤት ፈልጎ እንዲሄድ ይምከርለት።

ደሴ የወሎ ላሊበላ ኪነት የወጣባት ከተማ ናት፤ መድረክ ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው አያሻትም። በወሎ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ የሚያጠኑ ወጣቶች ግን ሙሉ ድራማ ለማዘጋጀት ከመድከማቸው በፊት፣ አንድ ወንበርና አንድ መብራት ብቻ ይዘው ከእነዚህ የገና ታሪኮች አንዱን ለሕዝብ ቢያነቡ እጅግ ደስ ይለኛል።

ማዳመጥ ለሚሻ ሰው ጥቂት ነገር ልጠቁም። የኬምብሪጁ ሥርዓት ታኅሣሥ 15 ቀን በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቆያል፤ በቢቢሲ የዓለም አገልግሎትም በቀጥታ ይሰማል። ኔትወርኩ ለሚቆራረጥበት ሰው፣ ሊብሪቮክስ የተባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የትረካ ማኅደር የዲከንስን ሥራ በተለያዩ ሰዎች ድምፅ በነጻ ያቀርባል፤ የአንባቢዎቹ ችሎታ እኩል ስላልሆነ ከማውረድዎ በፊት የእያንዳንዱን መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ መስማት ይገባል። ታሪኩ በአምስት ክፍል የተከፈለ በመሆኑ በአምስት ምሽት ቢዳመጥ ይመረጣል፤ ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ግን አራተኛው ክፍል፣ የመቃብሩ ታሪክ ያለበት፣ በቀን ብርሃን ቢሆን ይሻላል።